የላኮታ ልጅ ስንት እናት አለው?

ያኔ የአሜሪካዋ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ገዥ የነበሩት ክሪስቲ ኖም በማርች 2024 ዊነር በምትባል ከተማ ያሉትን ሰምታችኋል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ተስፋ የላቸውም፣ ቀርቦ የሚረዳቸው ወላጅም የላቸውም አሉ። በግዛቲቱ ያሉት ዘጠኙም ነገዶች ተራ በተራ መሬታችን ላይ እንዳይረግጡ ብለው አገዷቸው። ደግ አደረጉ።

የምኖረው እዚሁ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ንግግሩ ብቻ አይደለም። ቡና ላይ አንድ ወዳጄ «እውነቷን እኮ ነው» ማለቱ ነው።

ወላጅ የላቸውም? ላኮታ ከነዚህ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። የላኮታ ልጅ የእናቱን እህት አክስቴ አይልም። «ኢና» ነው የሚላት፣ እናቴ። የአባቱን ወንድም «አቴ» ይለዋል፣ አባቴ። ይሄ መጠሪያ ሥራ አለው። ኢና የተባለች ሴት ልጁ ሲራብ ታበላዋለች፣ ሲያጠፋ ትቆጣዋለች። «የኔ አይደለም» ማለት አትችልም፤ አፉን ሲፈታ ጀምሮ እናቴ ብሏታላ! ደም ያላዛመደውንም «ሁንካ» በሚባል ሥርዓት ያዛምዱታል። የኛን የጡት ልጅ አስቡ። እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን ያቺ ሴት አክስት ብቻ ትሆናለች። የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ብትቀመጥም፣ ፎርሙ ላይ «ወላጅ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ለኔ የቋንቋው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቃሉ የጠፋበት ልጅ እናቶቹም ይጠፉበታል።

ባለፈው ዓመት ፓይን ሪጅ በሚባለው የላኮታ ሪዘርቬሽን (ለነገዱ የተከለለ መሬት) የጭፈራ በዓል ላይ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ተንበርክከው የአንድ ልጅ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ያስራሉ። ልጁ ተቁነጠነጠ። ቋጠሮውን ፈትተው እንደገና አሰሩለት። «የልጅ ልጅዎ ነው?» አልኳቸው። «አምና አልነበረም። ዘንድሮ ሆነ» አሉኝ።

ደግሞስ ልጅን ከወላጅ የነጠለው ማነው? በ1879 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የተከፈተው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን ልጆች የወሰደው ሮዝበድ ከሚባለው የላኮታ ሪዘርቬሽንና ከፓይን ሪጅ ነው። ፀጉራቸውን ሸለተ፣ ስማቸውን ቀየረ፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ቀጣቸው። በ1978 የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰብ መንጠልን የሚገድበው ሕግ እስኪወጣ ድረስ በመላ አገሪቱ ከነባር ሕዝቦች ልጆች ቢያንስ ከአራት አንዱ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ነበር። መቶ ዓመት ልጅ ሲወስድ የኖረ መንግሥት ዞሮ «ወላጁ የታለ?» ሲል አያፍርም?

ተስፋ የላቸውም የተባሉት የሮዝበድ ወጣቶች በ2015 ከዋሽንግተን ሲመለሱ ካርላይል ጎራ አሉ። እዚያው ሞተው የተቀበሩትን ልጆች መቃብር አዩ። ለምን ወደ አገራቸው አንወስዳቸውም ብለው ተነሱ። ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2021 የዘጠኝ ልጆች አፅም ሮዝበድ ገባ። ይሄን ያደረጉት ታላላቆቻቸው አጠገባቸው ስለቆሙ ነው።

ድህነቱ አለ፣ መጠጡ አለ፣ ራስን ማጥፋቱም አለ። ማንም አልካደም። የግዛቲቱ መሪዎች ከልባቸው ከተቆረቆሩ ግን የሚሠሩት ሞልቷል። ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው ሪዘርቬሽን ከ2012 ጀምሮ ሕፃናትን በላኮታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። እንዲህ ያለው በየሪዘርቬሽኑ ይከፈት። ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው፣ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው። ለነሱ የመምህር ደሞዝ ይመደብ። ዲግሪ የላችሁም ተብሎ በር አይዘጋባቸው።

አንተም ወዳጄ፣ ልጅህ በሥጋ አይዛመደኝም። «ጋሼ» ስለሚለኝ አይደል እንዴ፣ አንተ ሥራ ስትገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ልምምድ የማደርሰው?