የጀርመኑ የለም?

በዚህ የኑሮ ውድነት ንቅንቅ ያላሉ አንድ ሰው አውቃለሁ። ጋሼ ልበላቸው። በየሰፈሩ ስላሉ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ጋሼ ሽንኩርት ሲገዙ ከባለ ጉሊቷ ጋር ግማሽ ሰዓት ይሟገታሉ። ታክሲ ላይ ለአምስት ብር መልስ ረዳቱን እስኪወርዱ ድረስ ይነዘንዙታል። ፋርማሲ መስኮት ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ደረታቸው ይነፋል፣ ድምፃቸው ይወፍራል። ማዘዣውን ዘርግተው፣ ገና ዋጋ ሳይነገራቸው፣ ይጠይቃሉ።

«የጀርመኑ የለም?»

እኔ ለእኚህ ሰው እጅ እነሳለሁ።

ፋርማሲስቷ ልጅ እግር ናት። «ጋሼ፣ የጀርመኑ አልቋል። ይሄ አለ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ዋጋውም ይሻልዎታል» ትላለች። ድፍረቷን እዩልኝ! ጋሼ በዋዛ አይታለሉም። ሳጥኑን ገልበጥ ያደርጉና «የህንድ ነው አይደል፣ ልጄ?» ይላሉ። «አዎ።» በቃ፣ ነገሩ እዚያው ተቆረጠ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አምስት ዓመት የተማረችው ትምህርት በአንድ ቃል ዋጋ አጣ።

የጋሼ የምርመራ ዘዴ ራሱ ሊጠና ይገባዋል። ላቦራቶሪ አያስፈልጋቸውም። ካርቶኑን በጣታቸው ይጫኑታል፤ ከሳሳ መድኃኒቱም የሳሳ ነው። ጽሑፉን ያያሉ፤ ካልገባቸው ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። «ያለፈው ሮዝ ነበር፣ ይሄ ነጭ ነው። ምን እያላችሁ ነው?» ቀለሙና ማያያዣው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ በሽታውን የሚታገለው ንጥረ ነገር ግን በሚሊግራም ተለክቶ አንድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ግን ማን ይሰማቸዋል? ባዮቹ ፋርማሲስቶች ናቸው።

እነዚሁ ሰዎች ስለ ርካሹ መድኃኒት አንድ ተረትም አላቸው። ኩባንያው አዲስ መድኃኒት ሲያገኝ ፓተንት፣ ማለትም ብቻውን የመሥራት መብት፣ ያወጣል። ፓተንቱ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ያህል ይጠብቀዋል። ጊዜው ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያንኑ መድኃኒት መሥራት ይችላሉ። እነሱ ዓመታት የፈጀውን ጥናት ከዜሮ አይጀምሩትም። የሚጠበቅባቸው ኪኒናቸው ከመጀመሪያው ጋር በተቀራረበ መጠንና ፍጥነት ደም ውስጥ እንደሚገባ ማሳየት ነው። ወጪው ይቀንሳል፣ ሻጩ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ጄኔሪክ ይሉታል።

ተረቱን ያመኑ የዋህ ሕዝቦች አሉ። አሜሪካኖች ለምሳሌ። እዚያ ፋርማሲ ከሚያወጣቸው 10 የሐኪም ትእዛዞች 9 ያህሉ ጄኔሪክ ናቸው። ፋይዘር ኖርቫስክ ብሎ ሲሸጠው የኖረው የደም ግፊት ኪኒን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አምሎዲፒን በሚለው ተራ ስሙ ይሸጥላቸዋል። ምን ያድርጉ፣ አቅም የላቸውም።

ጋሼ ግን አሜሪካ ሰው አላቸው። ሜሪላንድ ያለች የእህታቸው ልጅ ናት። ማዘዣው ፎቶ ተነሥቶ ይላክላታል። እሷም ከዚያ የምታገኘውን ታገኝና አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ታሸክማለች። ዕቃው ሲደርስ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ብልቃጡ ቡፌው ላይ፣ ከምርቃት ፎቶው ጎን፣ እንግዳ በሚያየው በኩል ይቀመጣል። «የአሜሪካ ነው» ይባላል፣ ጎረቤትም ይስማማል። መለያው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንም አያነብም። እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የህንድ ስም አለ፣ አሜሪካ ጄኔሪኳን በብዛት የምታመጣው ከህንድ ነውና። ሃይደራባድ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሜሪላንድ መደርደሪያ ላይ ከርሞ፣ በሰው ሻንጣ ቦሌ ገባ ማለት ነው። በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ የህንድ ይሆን ነበር።

ጋሼ በከንቱ ፈሩ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ፎርጅድ ነው። ያስፈራል። ለዚህ ፍርሃት መንግሥት ያዘጋጀው መፍትሔ አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበውን መድኃኒት፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በደረሰኝ መግዛት ነው። የጋሼ መፍትሔ ከዚህ ይልቃል። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ የህንዱን ንቀው ይወጡና «ከዱባይ የገባ» የሚል ሰው ጋር ይደውላሉ። ሰውየው ዕቃውን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ደረሰኝ የለውም። ፀሐይ ላይ ይሰንብት፣ መኪና ኮፈን ውስጥ ይክረም፣ አይታወቅም። ሳጥኑ ላይ ግን ጀርመን የሚል አለ። ፎርጅድ የሚሠራውም ሞኝ አይደለም። ካተመ አይቀር ጋሼ የሚወዱትን ሳጥን ያትማል።

የአገር ውስጥ ምርትማ ባይነሣ ይሻላል። ጋሼ አገራቸውን ይወዳሉ። ቡናው የእኛ ነው፣ ጤፉ የእኛ ነው፣ ዐድዋም የእኛ ነው። ኢፋርም የሚባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እዚሁ አዲስ አበባ ኪኒን ሲሠራ መኖሩን ስነግራቸው ግን ከልባቸው ሳቁ። ፍቅርም ልክ አለው።

ሐኪሞቻችንም ከምስጋናው አይቅሩ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን በተራ ስሙ መጻፍ የሚበቃውን መድኃኒት በፋብሪካ ስም የሚጽፉ አሉ። ያኔ የታማሚው ልጅ ያንን ስም ይዞ ከፒያሳ መገናኛ ይንከራተታል። መድኃኒቱ በሌላ ስም ስንት ፋርማሲ ውስጥ ተቀምጦ አልፎታል። ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ «መድኃኒት ጠፋ» ይባላል። ቢያንስ የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቁጠባቸው ልምጣ። ጋሼ ቁጠባ አያውቁም ያለ ሰው አያውቃቸውም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ መድኃኒት ዋጋ እንዴት እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል። ጋሼ ግን ከጀርመኑ አልወረዱም። መላ ዘየዱ።

«ስንት ነው የታዘዘው?»

«21 ፍሬ ነው ጋሼ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን።»

«አሥር ፍሬ ብቻ ስጪኝ።»

ይኸው ነው ቁጠባ! አሞክሲሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የህንዱን ቢገዙ 21ዱም ተገዝቶ ብር ይተርፋቸው ነበር። ይህ ግን ርካሽ ሰው የሚያደርገው ነው። ጋሼ ጥራቱን አልቀነሱም፣ የቀነሱት ሕክምናውን ነው። ሁለት ቀን ዋጡ። ትኩሳቱ በረደ። «አየሽ፣ የጀርመን አንድ ነው» አሉ ባለቤታቸውን። የቀረችውን አራት ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ቡፌው ውስጥ አኖሯት። የጎረቤት ልጅ ሲያስለው ትጠቅማለች፣ የምን ሳል እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ቤታቸው ከፋርማሲ የሚለየው ደረሰኝ ባለመስጠቱ ብቻ ነው። ከሕክምናው የተረፉት ባክቴሪያዎችም ውለታቸውን አይረሱም። መድኃኒቱን ተለማምደው፣ ጠንክረው ሊመለሱ ይችላሉ።

የግፊት ኪኒናቸውን ደግሞ ቀን እየዘለሉ ይውጣሉ። እንዲበረክት። በየቀኑ ነው የሚዋጠው ሲሏቸው «የጀርመን እኮ ነው፣ ኃይሉ ለሁለት ቀን ይበቃል» ይላሉ። ይህን ያህል እምነት እኔ በምንም ነገር ኖሮኝ አያውቅም። የደም ሥራቸው ግን ሳጥኑን አላየም።

አንድ ነገር ለእውነት ስል ልበል። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ሲዞር ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ መድኃኒት አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ የእንቅርት ሆርሞን እንዲህ ያሉ ናቸው። መጠናቸው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ጣጣ አለው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ቢጠይቅ፣ ቢሟገትም ልክ ነው። ጋሼ መስኮቱን ይዘው ሰልፉን ያቆሙት ግን ስለ ኦሜፕራዞል ነው። ለቃር።

ጋሼን ለመምሰል ለምትመኙ ሁሉ ጥንቃቄ አድርጉ። ከነማ ፋርማሲ ደጃፍ አትድረሱ። ቀይ መስቀልም እንዲሁ። እዚያ ዋጋ ይቀንሳል ይባላል፣ ሰልፉ ላይም የሚያውቃችሁ ሰው አይጠፋም። ፋርማሲስቷን «ከዚሁ መድኃኒት ርካሹ የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ ትነግራችኋለች። ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ማዘዣውን ሲጽፍ አፋችሁን ያዙ። ካርድ አውጥታችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ፊቱ ተቀምጣችሁ ሳለ «ዶክተር፣ አቅሜ እንዲህ ነው፣ በጄኔሪክ ይሆንልኛል?» ማለት ሊያምራችሁ ይችላል። እንዳትሉ። ይሆናል ቢላችሁስ? ቡፌው ላይ ምን ልታስቀምጡ ነው?