ሰሙ ስቲከር፣ ወርቁ ፍሬን

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ብሎ መቁጠር ማንንም አይቸግርም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ቅኔ የሚዘረፈው ጉባኤ ቤት ውስጥ ብቻ ይመስለን ነበር። ተሳስተናል። ዛሬ ቅኔው አስፋልት ላይ ወጥቷል። ጎማም አብቅሏል። ባለ አራት ጎማ ቅኔ አለ፤ ባለ ሦስት ጎማም አለ፣ እሱን ባጃጅ እንለዋለን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለማመስገን ነው። አንድ ጥቅል ስቲከር፣ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር እስፕሬይና ሁለት ሜትር ባለ ቀለም ኤልኢዲ ገዝተው፣ ደጃቸው ላይ ቁጢጥ ብለው፣ የመኪናቸውን መብራት ከተራ ንግግር ወደ ቅኔ ላሸጋገሩት ወንድሞቻችን። እግዜር ይስጥልን።

እስኪ ፋብሪካው የሠራውን መብራት አስቡት። ቀይ በራ፦ ቆምኩ። ፍሬቻው ብልጭ አለ፦ ልታጠፍ ነው። ነጭ ከኋላ በራ፦ ወደ ኋላ ልመጣ ነው፣ ዞር በል። ይሄ ምን ቁም ነገር አለው? ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ጎጃሜ ደግሞ ልቡ ያለውን እንዲህ በቀጥታ ተናግሮ ያውቃል? «ውሃ ጠማኝ» ለማለት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሕዝብ እኮ ነው። ጃፓን ያለ መሐንዲስ ይህን ከየት ያውቀዋል።

መሐንዲሱን ግን ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም። ሳያውቀው አንድ ቅኔ ሠርቷል። በብዙ መኪና የኋላ ስቶፕ ውስጥ ያለችው አንዲት አምፖል ሁለት ክር አላት። አንዱ 5 ዋት ነው፤ ማታ ማታ «እዚህ አለሁ» ይላል። ሌላው 21 ዋት ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ይበራል። ቀለሙ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ኅብር ይለዋል። ከኋላ ያለው ሾፌር የሚለየው በድምቀቱ ብቻ ነው።

የእኛ ሰው ይህ ቀለለበት። ፈታኝ አይደለም አለ። ስቶፑ ላይ ጥቁር ስቲከር አለበሰበት። አሁን 21 ዋቱ 5 መሰለ። 5ቱ ደግሞ መነኮሰ፤ ከዓለም ተለየ። ከኋላ ያለው ሰው ይፍታው! እንዲህ ነው እንጂ ቅኔ። ሰሙ ስቲከር፣ ወርቁ ፍሬን።

አንዱን ጎረምሳ «ወንድምዓለም፣ ይሄ ነገር ቀን ላይ ይታያል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ያምራል እኮ» አለኝ። መልሱ ሙሉ ነበር። እኔ ነኝ የማይረባ ጥያቄ የጠየቅሁት።

ወደ ፊት መብራት እንለፍ። እዚህማ ቸርነት ነው ያለው። የድሮው ሃሎጅን አምፖል ስስታም ነበር። በብዙ መኪና ላይ ያለው ኤች 4 የሚባለው፣ በአጭር 55 ዋት፣ በረጅም 60 ዋት ነው። ከጀርባው ያለው መስታወት ደግሞ የተቀረጸው ክሩ ያለበትን ቦታ ታሳቢ አድርጎ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ሰብስቦ መንገዱ ላይ ብቻ ይጥለዋል። ለሌላው ሠላሳ ሻማ ታህል እንኳ አያካፍልም። አሁን ያቺን አምፖል አውጥተው፣ ርካሿን ኤልኢዲ እዚያው ቀፎ ውስጥ ይሰኩባታል። ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ተዛባ፤ መስታወቱም ግራ ገባው። ያገኘውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይረጨዋል። ለባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ለቁራው ጎጆ፣ ለማዶው ጣሪያ፣ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ብሌን። በአዊ በኩል ያለው የዲከረንስ ደን ከተተከለ ጀምሮ እንዲህ ያለ ብርሃን አላገኘም። ከመንገዱ በቀር የማይበራለት የለም።

ሰማያዊ አምፖል የሚያስገቡም አሉ። መስታወቷ ሰማያዊ ስለተቀባች ከብርሃኑ ከፊሉን ራሷ ታስቀረዋለች። ለባለቤቱ የደረሰው ቀለም ነው። በክረምት ጭጋግ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለነዳ ሰው ግን ይሄ ጥሩ ትምህርት ነው፤ መንገዱን ሳያይ በእምነት መሄድን ይለምዳል።

ፍሬቻውን አልረሳሁትም። ፍሬቻ በደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው። ረጋ ያለ፣ የሽማግሌ አነጋገር። አምፖሏ በኤልኢዲ ስትለወጥ ግን የምትስበው ኤሌክትሪክ ጥቂት ይሆናል። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ ደግሞ ሞኝ ነው። «አንዷ አምፖል ተቃጥላለች» ብሎ ይደነግጥና ለባለቤቱ ለማሳበቅ ይጣደፋል። ውጤቱን ባሕር ዳር ላይ አይታችሁታል። ፍሬቻው እስክስታ ይወርዳል። ትከሻው አልቻለም! ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ባይታወቅም ወደ ሰርግ እንደሆነ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። የአሮጌ መኪናዬ የፊት መብራት ቢጫ ሆኖብኝ፣ ሰው ምከረኝ ስል «በጥርስ ሳሙና እሸው» አሉኝ። አንድ እሑድ ጠዋት ግማሽ ቱቦ ጨረስኩባት። ልጄ ቆማ ስታይ ቆየችና «አባየ፣ መፋቂያስ አትሰጣትም?» አለችኝ። ይሠራል፣ አልዋሽም። ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ፊቱን ታቃጥለዋለች፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር ያንን የተቃጠለ ቆዳ ይፍቀዋል። ጉዱ የሚመጣው በኋላ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው የፀሐይ መከላከያም አብሮ ይፋቃል። ወራት ሳይቆይ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ሆነች። ቢሆንም ለሁለት ሳምንት ያህል ጎጃም ውስጥ እንደኔ መኪና ጥሩ ትንፋሽ ያላት አልነበረችም።

ስቶፑ ሲሰነጠቅበት በእኅቱ የጥፍር ቀለም የደፈነውንም አውቃለሁ። ሥራው ንጹሕ ነው። እኅትየው ብቻ ናት የተቀየመችው።

ደግሞ ይህ ጥበብ ከሕግ ጋር ያለው ሰላም! የቦሎ ወቅት ሲደርስ ስቲከሩ ይላጣል፣ ኤልኢዲው ይነቀላል፣ መኪናው ሥጋ ወደሙ እንደሚቀበል ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ስቲከሩም ይለጠፋል። ሁለቱም ስቲከር ናቸው፤ ምን ያጣላቸዋል?

የቅኔው ከፍተኛ ጉባኤ ግን የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ሕዳሴ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ መንገድ ላይ ፍሬን ጌጥ አይደለም፤ የዕለት እንጀራ ነው። ከፊታችሁ ያለው የጭነት መኪና ስቶፑን ጥቁር አልብሶት ከሆነ ግን አትደናገጡ። ዓይን ያልፈታውን አፍንጫ ይፈታዋል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣ፣ ሰውየው ፍሬን ይዟል ማለት ነው። እያንዳንዱ የስሜት ሕዋስ ሥራ አገኘ። ይህንንስ ማን አስቦት ያውቃል?

በዚያ ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ወደ ማርቆስ ስመጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ከአንድ መሪጌታ ጋር ተቀምጬ ነበር። አማኑኤልን ስናልፍ መሸ። ማርቆስ ልንገባ ስንል ከፊታችን አንድ የቤት መኪና ገባ። ስቶፑ ከሰል ነው። ከሥሩ ግን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ኤልኢዲ አለው፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ቀለም።

«መሪጌታ፣ እስኪ ይሄን ይፍቱልን» አለ ሾፌራችን እየሳቀ።

መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው አዩት። አላፌዙም፤ የምር ነው ያዩት። «ሰሙ ይታየኛል» አሉ። «ሰማያዊ ነው። ይሮጣል። የሚያሳድደውም ያለ አይመስልም። ወርቁን ግን እንጃ፣ ጥቂት ብንከተለው…»

ጓ!

«ወርቁ ወጣ» አሉ መሪጌታ፣ ጥምጥማቸውን ከእግራቸው ሥር እያነሱ።

ደግነቱ ዝግ ብለን ነበር የምንሄደው። ሰው አልተጎዳም። የእኛ የግራ መብራት ረገፈ፤ የእሱ የኋላ መከላከያ ገባ። ወጣቱ ዘሎ ወረደ። መከላከያውን ዞር ብሎም አላየው። ስቶፑ ላይ ተደፍቶ ስቲከሩን በጣቱ እየዳበሰ ፈተሸው። ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ተልጧል።

«ዓይን የላችሁም እንዴ?» አለን። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «ፍሬን ይዤ እኮ ነው የቆምኩት!»

«በርቶ ነበር?» አለው ረዳቱ።

«በርቷል እንጂ! ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እኮ በደንብ ይታያል!»

«ጠጋ ብለን ነበር፣ ልጄ» አሉት መሪጌታ።