ካዚኖ ማን ሰጣቸው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ሻዬን ይዤ አንድ የአማርኛ ላይቭ ከፈትኩ። የሚወራው ስለ ካልሺ ነበር። ያው ስልክ ላይ «ዛሬ ማን ያሸንፋል» እያልክ ገንዘብ የምታስይዝበት አፕ ነው። ካሊፎርኒያ ያሉ ሦስት ትንንሽ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጎሳዎች፣ ብሉ ሌክ፣ ቺክን ራንች እና ፒካዩን፣ «ይህ አፕ በመሬታችን ላይ ያለ ፈቃዳችን ቁማር እያጫወተ ነው» ብለው ከሰውት ነበር። በኖቬምበር 2025 የፌዴራል ዳኛዋ «ክርክሩ እስኪያልቅ ይታገድልን» የሚለውን ጥያቄያቸውን አልተቀበለችም።

የላይቩ አዘጋጅ ደስታውን አልቻለውም። «እሰይ!» አለ። «ህንዶቹ ዕድለኞች ናቸው እኮ። መንግሥት ካዚኖ ሰጣቸው። ታክስ የለ፣ ሥራ የለ፣ ቁጭ ብሎ መብላት ነው። አሁን ሞኖፖላቸው ተሰበረ!» ከሥር የልብ ምልክት ይዘንባል።

ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በስሙ አልጣላም። ሕጉም «ኢንዲያን» ይላል፤ እነሱም ብዙዎቹ ራሳቸውን እንደዚያ ይጠራሉ። («ቀይ» የምትለዋን ቅጽል ግን እባካችሁ ተዉአት።) የኔ ጠብ «ሰጣቸው» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ማን? መቼ? በየትኛው ወረቀት?

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የታክስ ወረቀት ነው። በ1972 ሚኒሶታ ውስጥ ሊች ሌክ በሚባለው ሪዘርቬሽን (ለጎሳዎቹ ተከልሎ በተያዘ መሬት) ሔለን ብራያን የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ትኖራለች። ቤታቸው ሞባይል ሆም ነው፤ በመኪና ተጎትቶ የመጣ። ኢታስካ ካውንቲ በዚህ ቤት ላይ ታክስ ጣለ። ተደማምሮ 147 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። ሴትዮዋ የሕግ እርዳታ ጠየቀች፤ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየወጣ በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱላት። ስቴቱ በሪዘርቬሽን ውስጥ በሚኖሩ የጎሳው አባላት ላይ እንዲህ ያለ ታክስ የመጣል ሥልጣን ከኮንግረስ አልተሰጠውም አሉ። ታክስ ብቻ አይደለም፤ ስቴቱ እንደፈለገው እየገባ ሕግና ደንቡን ሊጭንባቸው አይችልም የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተመዘዘ። የዛሬው የካዚኖ ኢንዱስትሪ የቆመው በዚያች 147 ዶላር ላይ ነው። እስካሁን «የሰጠ» መንግሥት አላየሁም። ያየሁት ሊወስድ መጥቶ የተሸነፈ መንግሥት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ፍሎሪዳ ያሉት ሴሚኖሎች ሆሊውድ በምትባለው ከተማ ትልቅ የቢንጎ አዳራሽ ከፈቱ። ሽልማቱ የስቴቱ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ነበር። ሸሪፉ አስራችኋለሁ አለ። እነሱ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1981 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። እነዚያው ሰዎች በ2007 የሆቴልና የካዚኖ ኩባንያውን ሀርድ ሮክን በ965 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። በቢንጎ የጀመሩ ሰዎች!

ካሊፎርኒያ ደግሞ ካባዞን የሚባሉ አሉ። ያኔ ጠቅላላ አባላታቸው ወደ 25 ሰው ነው። ሃያ አምስት! የአንድ ዕድር ግማሽ አይሞላም። ካርድ ቤት ቢከፍቱ በ1980 የኢንዲዮ ከተማ ፖሊስ ሰብሮ ገባባቸው። ተከራከሩ፤ በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት አሸነፉ። ካሊፎርኒያ ያቀረበችውን ምክንያት ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ቁማሩ ማፍያ ያመጣል አለች። እሺ፤ ግን ስቴቱ ራሱ በዚያን ጊዜ ሎተሪ ያዞር ነበር። ዳኞቹም ይህንኑ ነው ያነሱባት፦ አንቺ ራስሽ ሕዝብሽን ቁማር ተጫወት እያልሽ ሌላውን እንዴት ትከለክያለሽ?

በ1988 ሬገን የፈረመው የህንዶች ቁማር ሕግ መጣ። «ሰጣቸው» የሚሉት ይችን ይዘው ነው። ሕጉን ግን አንብቡት። ከካባዞን ፍርድ በኋላ፣ ስቴቱ ጨዋታውን ፈጽሞ እስካልከለከለ ድረስ፣ ጎሳዎቹ ከስቴት ፈቃድ መለመን አያስፈልጋቸውም ነበር። ሕጉ መጥቶ «ስሎት ማሽንና ሩሌት ካማራችሁ መጀመሪያ ከስቴቱ ጋር ተዋዋሉ» አላቸው። ስቴቱ አልደራደርም ቢልስ? ክሰሱት ይላል ሕጉ። በ1996 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሴሚኖሎች ላይ ፈረደ፤ ስቴቱ ካልፈቀደ በዚህ ሕግ ልትከሱት አትችሉም አለ። በር አለ፣ ቁልፉ ግን ባላጋራህ ኪስ ውስጥ ነው። ይህ ነው ስጦታው?

«ታክስ አይከፍሉም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ነው። ከካዚኖው ትርፍ ለአባላት በነፍስ ወከፍ የሚከፋፈል ገንዘብ የፌዴራል ገቢ ግብር አለበት። እንደ እኔና አንተ ይከፍላሉ። ጎሳው ራሱ የማይከፍለው መንግሥት ስለሆነ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሎተሪም የገቢ ግብር አይከፍልም። ስለሱ ላይቭ ተከፍቶ አላየሁም። ብዙ ጎሳዎች በውላቸው መሠረት ለስቴቱ ይከፍላሉ፤ ኮነቲከት ውስጥ ፎክስውድስ የተባለው የፒኮት ጎሳ ካዚኖ ከስሎት ገቢው ሩቡን ለስቴቱ ለመስጠት ነው የተስማማው። ሩቡን!

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የካዚኖ ትርፍ የት እንደሚውል በፌዴራል ሕግ የተጻፈበት ነጋዴ ማን ነው? ላስ ቬጋስ ያለ ባለሀብት ትርፉን መርከብ ቢገዛበት ማንም አይጠይቀውም። ጎሳዎቹን ግን ሕጉ አምስት ነገር ቆጥሮ አስቀምጦላቸዋል፦ የጎሳውን መንግሥት ማስኬጃ፣ የሕዝቡ ደኅንነት፣ ልማት፣ በጎ አድራጎት፣ በአካባቢው ላሉ አስተዳደሮች ድጋፍ። ለአባላት በነፍስ ወከፍ ማከፋፈል ከተፈለገ ደግሞ ዕቅዱ በፌዴራሉ መንግሥት መጽደቅ አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካዚኖ ያላቸው ጎሳዎች በሚያዋጡት ገንዘብ ካዚኖ ለሌላቸው ወይም ትንሽ ብቻ ላላቸው ጎሳዎች በዓመት 1.1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። እኛ ብንሆን ዕቁብ እንለዋለን። ቢሊየነር ለጎረቤቱ ቢሊየነር እንዲህ ሲያዋጣ ካያችሁ ንገሩኝ።

«ሥራ የለ፣ ቁጭ ብሎ መብላት» ላለው ደግሞ ከሰሜን ካሮላይና መልስ አለ። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቿ ከ1993 ጀምሮ በዚያ ተራራማ አገር 1,420 ልጆችን በየዓመቱ ይከታተሉ ነበር። ሩብ ያህሉ የቼሮኪ ልጆች ናቸው። በ1997 ቼሮኪዎቹ ካዚኖ ከፈቱና ለእያንዳንዱ አባል ገንዘብ ማከፋፈል ጀመሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን አስበው አልነበረም፤ እንዲያው አጋጠማቸው። በ2003 ያሳተሙት ውጤት ግልጽ ነው። ከድህነት በወጡት ቤተሰቦች ልጆች ላይ የጠባይ ችግሩ፣ ማለትም ድብድቡ፣ እልሁ፣ ከትምህርት ቤት መጣላቱ፣ ቀንሶ ድሃ ሆነው ከማያውቁት ልጆች ጋር እኩል ሆነ። ጭንቀትና ድብርቱ አልቀነሰም፤ ይህንንም ጽፈውታል። አንዱ ምክንያት ወላጅ ልጁን የሚከታተልበት ጊዜና ትንፋሽ ማግኘቱ ነው ይላሉ። ሁለት ሥራ ደርቦ ልጁን በእንቅልፍ ልቡ ብቻ የሚያይ ሐበሻ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። እኔ እንኳን ሳነበው ለተወሰነ ጊዜ ስለ ቼሮኪዎች ማሰቤን ትቼ ስለራሴ ቤት ነበር የማስበው።

ደግሞስ ሁሉም ሀብታም ናቸው ያለው ማነው? በ2024 የጎሳዎቹ ቁማር ጠቅላላ ገቢ 43.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ ሲጠራ ያስደነግጣል። ግን ያኔ እውቅና ከነበራቸው 574 ጎሳዎች ቁማር ቤት የነበራቸው 240 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ብሩ የሚከማቸው ከትልቅ ከተማ አጠገብ ያሉት ጥቂቶቹ ጋ ነው። ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ያለው ሚስቲክ ሌክ ሞልቶ ይፈሳል። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ፓይን ሪጅ ላይ ላኮታዎችም ካዚኖ አላቸው፤ ግን ማን በዚያ ሜዳ አቋርጦ ሄዶ ይጫወታል? አገሩ ዛሬም ከአሜሪካ ድሃ አካባቢዎች አንዱ ነው። ያ ትልቁ ፎክስውድስ እንኳ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለአባላቱ የሚያከፋፍለውን አቁሟል። ዕድለኞች!

ስለ ዕድል ካነሳን፣ አዎ፣ ቁማር ቤት ያፈርሳል። ይህን አልክድም። እኔ ባለሁበት ሲያትል አካባቢ ማክልሹት ወይም ስኖኳልሚ ገብቶ የሁለት ሳምንት ቼኩን አራግፎ የወጣ ሰው የማያውቅ ሐበሻ የለም። «ማሽኑ ሊከፍል ደርሷል» ይሉሃል። ማሽኑ ምንም አልደረሰም። ትናንት ምን እንደበላ አያስታውስም፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ነው። የአሜሪካኗን ሩሌት ተመልከት። 38 ጉድጓድ አላት፤ ቁጥርህ ሲወጣ ግን ያስያዝከውን መልሳ በላዩ የምትጨምርልህ 35 እጥፍ ብቻ ነው። በዚያች ልዩነት ከምታስይዘው 100 ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ቤቱ ይወስዳል። በ2003 ላስ ቬጋስ ኤክስካሊበር ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ልጅ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር በላ። ሁሉም ስለሱ ያወራል። ከዚያ ማሽን ጋር በተያያዙ ማሽኖች ላይ ያንን 40 ሚሊዮን ሳንቲም በሳንቲም ስላጠራቀሙት ሰዎች የሚያወራ የለም።

ይህን ደግሞ እነሱ ከኛ በፊት ያውቁታል። ናቫሆዎች ጥንት ስለ አንድ ታላቅ ቁማርተኛ ይተርካሉ፤ ቻኮ በሚባለው ሸለቆ ሕዝቡን በቁማር እያሸነፈ ባሪያ ያደረገ። በ1994ም በ1997ም ካዚኖ ይከፈት ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሁለቴም «አንፈልግም» ብለው ድምፅ ሰጡ። የመጀመሪያውን የከፈቱት በ2008 ነው። ሥራ አጥነት ምን ያህል ጉሮሮ እንደሚያንቅ ለማወቅ ያቺን ዓመት መቁጠር ይበቃል። ታዲያ ይህን ሕዝብ ነው «ቁጭ ብሎ በላተኛ» የምንለው?

ወደ ካልሺ ልመለስና ላብቃ። የአፑ ሰዎች «ይህ ቁማር አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት የሚቆጣጠረው የኮንትራት ገበያ ነው» ይላሉ። ከሰማሁት ቀልድ ሁሉ ይሄኛው ይበልጣል። እሁድ ማን እንደሚያሸንፍ ገምተህ ብር ታስይዛለህ፤ ከተሳሳትክ ብሩ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሠፈሬ ያለው የቤቲንግ ቤት ስሙን «የኮንትራት ገበያ» ቢለው ወላጆች ድንጋይ መወርወር ያቆማሉ? የሚገርመው ካሊፎርኒያዎች ተጠይቀው ነበር። በ2022 ትልልቆቹ የስፖርት ውርርድ ኩባንያዎች በስልክ ይፈቀድልን ብለው ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ፤ ከአምስት ሰው አራቱ «አይሆንም» አለ። የጎሳዎቹም የራሳቸው ሐሳብ በዚያው ቀን ወደቀ፤ ወደቀና አርፈው ቁጭ አሉ። ካልሺ ግን ማንንም ሳይጠይቅ በስልክ ገባ። አብዛኛው ካዚኖ 21 ዓመት ካልሞላህ አያስገባህም፤ አፑ በ18 ያስገባሃል። ከትርፉ ለፓይን ሪጅ ክሊኒክ ወይም ለጎረቤት ጎሳ ስንት እንደሚሄድ ደግሞ የሚጠይቀው ሕግ የለም። ሞኖፖል ተሰበረ የሚባለው ይህ ነው እንግዲህ። አንዱ ለሕዝቡ ትምህርት ቤት የሚሠራበትን ገንዘብ ሌላው ለባለአክሲዮኖቹ ይወስደዋል፤ እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን የልብ ምልክት እንልካለን።

ላይቩ ሊያልቅ ሲል አንዲት እህት ከላስ ቬጋስ ጻፈች። «እኔ ፓልምስ ነው የምሠራው። ባለቤቶቹ እኮ እነሱ ናቸው።» ልክ ናት፤ የካሊፎርኒያ ሳን ማኑኤሎች በ2021 በ650 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው በ2022 ከፍተውታል። አዘጋጁ መልእክቷን ጮክ ብሎ አነበበው። ትንሽ ዝም አለ።

«እሺ፣ ወደ ሌላ ጥያቄ እንለፍ» አለ።