ይድረስ ለክቡር ስታፊሎኮከስ አውረስ (ብጉንጅ አምጪው ባክቴሪያ)

ጉዳዩ፦ ብጉንጅዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ሰው በሰርግ ቀን መቀመጫው ላይ ወጥተውበት ቆሞ እንዲበላ ማድረግ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ከ10 ሰው የ3ቱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ኪራይ እንደሚኖሩ እናውቃለን። አርፈው ቢቀመጡ ማን ይነካዎታል? ፀጉር ሥር ገብቶ መግል መቋጠሩን ምን አመጣው?

ደግሞ ታሪክዎ ያን ያህል አያኮራም። እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ፣ የተመራማሪው የአሌክሳንደር ፍሌሚንግ የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተንደላቀው ሳሉ የረታዎት ሻጋታ ነው። ሻጋታ!

ምስጢርዎም ኋላ ወጣ። ዙሪያዎን ግንብ አለ። ግንቡን እያያያዙ የሚያጠብቁ ፕሮቲኖች ደግሞ ግንበኞችዎ ናቸው። ያ ሻጋታ የሚያመነጨው መድኃኒት፣ ፔኒሲሊን፣ እጃቸው ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታቸዋል። እርስዎ ግን ማደግ አይተዉም። ግንቡ ይሳሳል፣ ውስጥዎ ይወጠራል፣ ከዚያ ጧ! (ይሄን ሳነብ እሰይ ማለቴን አልደብቅም።)

መቼም በዋዛ አይሸነፉም። መጀመሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም አበጁ። ሰው ደግሞ ኢንዛይሙ የማይሰብረውን ሜቲሲሊንን ሠራ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ እሱንም የሚቋቋም ዘርዎ እንግሊዝ አገር ብቅ አለ። ዘዴዎ ያስቀናል፤ ሌላ ግንበኛ ቀጠሩ። ስሙ ፒቢፒ 2ኤ ነው። መድኃኒቱ ቢለፋ እጁን አይዝለትም። የቀድሞዎቹ ሥራ ሲፈቱ እሱ ግንባታውን ይቀጥላል።

ቅር ያለን ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሁሉ እድገት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገኑንም። ለጉንፋን የፔኒሲሊንን ዘመድ አሞክሳሲሊንን የምንውጠው እኛ አይደለንም? ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ግንብም ግንበኛም የለውም። መድኃኒቱ ሰውነታችን ውስጥ የሚያገኘው እርስዎንና መሰሎችዎን ነው። ደካማው ያልቃል፣ የለመደው ይተርፍና ይራባል። ያለ ማዘዣ «ሦስት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» የምንለውስ? ካፕሱል ከፍተን ዱቄቱን ቁስል ላይ የምንነሰንሰውስ? ይሄ ሁሉ ውለታ ተረስቶ ብጉንጅ?

ስለዚህ ውለታችን ታስቦ፣ ቢያንስ መቀመጫና ብብት ነፃ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ከእሳቸው የተረፈውን ኪኒን ለግቢው ሰው ሁሉ ለሚያድሉት አከራያችን