የተቀናጀ ሳይኮቴራፒ ቅልቅል አይደለም

"በአንድ ዘዴ አልታሰርም፤ እንደ ታካሚው ሁኔታ እለዋውጣለሁ" የሚል ቴራፒስት ጥቂት አይደለም። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለምን እንደሚለዋውጥ ማስረዳት የማይችል ባለሙያ የተቀናጀ ሕክምና፣ ማለትም የተለያዩ የሥነ ልቦና ሕክምናዎችን በምክንያት የሚያገናኝ ሕክምና፣ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ሶል ሮዘንዝዋይግ ገና በ1936 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ሕክምናዎች ተቀራራቢ ውጤት የሚያመጡት የጋራ ነገር ስላላቸው ሊሆን ይችላል ሲል ጽፏል። አርኖልድ ላዛረስ ንድፈ ሐሳቡን ወደ ጎን ትቶ የሚሠራውን ዘዴ ብቻ መውሰድን መረጠ። ስታንሊ ሜሰር ደግሞ አንዱን ንድፈ ሐሳብ መሠረት አድርጎ ከሌላው መዋስን ሐሳብ አቀረበ፤ ለጀማሪ የሚሻለው ይኸኛው ይመስለኛል። የተዋሱት ዘዴ በአዲሱ ቦታው ሌላ ትርጉም ይይዛልና። በጥሞና መደመጥን የለመደ ታካሚ ድንገት የቤት ሥራ ሲሰጠው "ሰልችቼው ነው" ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ከሰጡ በኋላ ምን እንደተሰማው መጠየቅ ግድ ነው።

ከማናቸውም ዘዴ በፊት የሚመጣው የችግሩ ንድፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እስከ አራት ክፍለ ጊዜዎች ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ ምን እንደሚያቆየውና ከየት እንደተለመደ ከታካሚው ጋር በአንድ ገጽ ይጻፋል። በ1977 ሳይኮአናሊሲስን (የችግርን ሥር ባለፈ ሕይወትና በስውር ስሜት ውስጥ የሚፈልገውን ሕክምና) እና የባህርይ ሕክምናን (አዲስ ድርጊት በማለማመድ የሚሠራውን) ያገናኘ መጽሐፍ ያወጣው ፖል ዋክቴል የሚያቆየውን ነገር እንደ አዙሪት ማየት አስተምሮናል። የራሱን ቁጣ የሚፈራ ሰው እንውሰድ። ሰው እንዳይቀየመው ሁሉንም እሺ ይላል፤ እሺ ስለሚል ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ይከመራል፤ ሲከመርበት ውስጥ ውስጡን ይበግናል፤ የተጠራቀመው ንዴት ስለሚያስፈራው ደግሞ ይበልጥ አንገቱን ይደፋል። የልጅነት ታሪኩን ብቻ ቢመረምር ነገም እሺ ማለቱ አይቀርም። "አይሆንም" ማለትን ብቻ ቢለማመድ ጸጸቱ ያስቆመዋል። የሚበጀው አንድ አጭር የእምቢታ ዓረፍተ ነገር እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተለማምዶ፣ ብዙም በማያስፈራው ሰው ላይ ሞክሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የተሰማውን ፍርሃትና ጸጸት ከምንጩ ጋር ማያያዝ ነው። ሁለቱ የሕክምና አስተሳሰቦች በአንድ ንድፍ የሚገናኙት እንዲህ ነው።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ቴራፒስቱ ራሱ ሲጨንቀው ዘዴ ሲቀይር ነው። የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ በመጋፈጥ ልምምድ መካከል የታካሚው ፍርሃት ሲያይል ወደ ትንፋሽ ማረጋጊያ መዝለል ደግነት ይመስላል። ታካሚው የሚማረው ግን ፍርሃትን ማምለጥ እንጂ መቋቋም እንደማይቻል ነው።

ታካሚው ማርፈድ ከጀመረ፣ የቤት ሥራውን ካቆመ ወይም ለሁሉም ነገር "ልክ ነዎት" ማለት ካበዛ፣ ዘዴውን ከመንካት በፊት ግንኙነቱን መመርመር ይገባል። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 የሕክምና ትብብርን በግብ፣ በተግባርና በመተሳሰር ከፍሎታል። ግቡ ካልተስማማው እንደገና መነጋገር፣ ተግባሩ ከከበደው ማሳነስ፣ መተሳሰሩ ከላላ ስለዚያው በግልጽ ማውራት ነው። መታዘዝ የሚያንገሸግሸውን ሰው በመመሪያ ማጣደፍ ይበልጥ ያሸሸዋል፤ ምርጫ ሲሰጠው ይሻለዋል።

ንድፉ መሥራቱን በግምት ማወቅ አይቻልም። የድባቴን መጠን ለመለካት የሚያገለግለው ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ሲሆን የ5 ነጥብ መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። ከክፍለ ጊዜው በፊት ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከሳምንታት በኋላ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በመጀመሪያ የሚከለሰው ንድፉ ነው፤ ዘዴው ከዚያ ይከተላል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። መልሱ ከ0 በላይ ከሆነ የዕለቱ ዕቅድ ሁሉ ይቆይና ስለ ታካሚው ደህንነት በቀጥታ ይጠየቃል።