ለብርጭቆ ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ውስኪ ተቀድቶለት ዝም ብሎ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ያስተማሩንን ሰዎች ዕድሜ ይስጥልን። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም ብርጭቆውን አንሥተን፣ ጎንጨት አድርገን፣ «እሰይ» ብለን ጨዋታችንን እንቀጥል ነበር። ጨዋታ! መጠጥ ቤት ገብቶ ስለ ኑሮ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ መጫወት! ያ የጨለማ ዘመን አልፎ፣ እነሆ መጠጥ ቤት ገብተን ስለ መጠጥ ብቻ የምናወራበት የሥልጣኔ ዘመን ላይ ደርሰናል።

ሊቁን ከተራው ጠጪ መለየት አያስቸግርም። ብርጭቆው ሲቀርብለት አይጠጣም። መጀመሪያ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ቀለሙን ይመረምራል። ቀጥሎ ያሽከረክረዋል። ፈሳሹ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚሠራቸውን ቀጫጭን ወራጅ መስመሮች በጣቱ እያሳየ «ተመልከቱ፣ ጥራት ማለት ይህ ነው» ይላል። እኛም አፋችንን ከፍተን እንመለከታለን። መስመሮቹ የሚፈጠሩት አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን ነው፤ የሚናገሩትም ስለ ጥንካሬ እንጂ ስለ ጥራት አይደለም። ጥንካሬውን ማወቅ ለፈለገ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ በመቶኛ ተጽፎለታል። ነገር ግን ማንበብ የማንም ነው፤ ከብርጭቆ ግድግዳ ላይ ትንቢት ማውጣት የተመረጡ ሰዎች ጸጋ ነው።

ከዚያ አፍንጫ ይገባል። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ባይልም ሊቁ እጁን አንሥቶ ጸጥ ያሰኘዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ ይቆያል፣ በመጨረሻ «የረጠበ ቆዳ» ይላል። «ከበስተኋላው የቆየ ቤተ መጻሕፍት። ራቅ ብሎ ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ።» ጭስ ሸተተኝ ቢል ያለ ክርክር ባመንነው ነበር፤ አንዳንዱ የስኮትላንድ ውስኪ ገብሱ የሚደርቀው ከረግረግ ተቆፍሮ በሚነድ አፈር ስለሆነ፣ ጭሱ የእውነት ጭስ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ከየት መጣ? ሊቁ ቤተ መጻሕፍት የገባበትን ቀን የሚያስታውስ አንድም ወዳጅ የለውም። የመጠጥ ትሩፋት ይህ ነው እንግዲህ፤ ያልገቡበትን ቤት ሽታ ያሳውቃል።

በዕድሜ ጉዳይ ደግሞ ጨካኝ ነው። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ውስኪ አፌ አይገባም» ይላል። የስኮትላንድ ሕግ ውስኪው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ውስጥ ይቆይ፣ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ አይነስ ብሎ ረክቷል፤ ሕግ እንደሆነ የድሃ ነገር ነው። በርሜሉ ውስጥ ካለው በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ በትነት ይጠፋል፤ አምራቾቹ ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ከመጠጡ ተካፋዮች ሁሉ እጅግ ያልሠለጠኑት እነዚህ መላእክት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሳያሽከረክሩ፣ ፎቶግራፍ ሳያነሡ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ድርሻቸውን ወስደው ይሄዳሉ።

ዋጋም ራሱን የቻለ ቅመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ለሰዎች አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ አቀረቡላቸው፤ አንድ ጊዜ ዋጋው 10 ዶላር ነው፣ ሌላ ጊዜ 90 ዶላር ነው እያሉ። ሰዎቹ የ90 ዶላሩ እንደሚጣፍጥ መሰከሩ። በመሣሪያ ሲታይ የነበረው አንጎላቸውም አብሮ መሰከረ፤ ደስታን የሚመዘግበው ክፍል ለውዱ ይበልጥ ነቃ። ክፉ ሰዎች ይህን ጥናት በሊቃውንቱ ለመሳቅ ይጠቀሙበታል። እኔ ግን ጥብቅና እቆምላቸዋለሁ። ሰውየው ውድ በመባሉ የእውነት ጣፈጠው ማለት እኮ ነው! እንዲህ ከሆነ ርካሹን በውዱ ዋጋ የሚቀዳ ባርማን ምጽዋት ሰጪ እንጂ አጭበርባሪ ሊባል አይገባም።

የዚህ ጥበብ ጫፍ ግን ቮድካ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ቮድካን ሲተረጉም፣ ለየት ያለ ጠባይ፣ መዓዛ፣ ጣዕምና ቀለም የሌለው መጠጥ ይለው ነበር። ጣዕም እንዳይኖረው በደንብ የታዘዘ መጠጥ! ሊቁ ታዲያ ይህን ጣዕም አልባ ፈሳሽ ቀምሶ፣ ከሌላ ጣዕም አልባ ፈሳሽ ጋር አመሳክሮ፣ የመጀመሪያው «ይበልጥ ለስላሳ፣ ይበልጥ ምሉዕ» እንደሆነ ይፈርዳል። አምስት ጊዜ የተጣራውን ከሰባት ጊዜው ይለያል። እኛ ተራዎቹ ያለውን ነገር መለየት አቅቶን ስንንገታገት፣ እርሱ የሌለውን ነገር በደረጃ ያስቀምጣል። ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ያንን ለስላሳ ቮድካ በቲማቲም ጭማቂ፣ በጨውና በሚያቃጥል ቅመም አስመትቶ ይጠጣዋል።

ወደ ኮክቴል ስንመጣ ውዳሴያችን ያጥርብናል። እ.ኤ.አ. በ1806 አንድ የኒውዮርክ ግዛት ጋዜጣ ኮክቴል ምንድን ነው ተብሎ በአንባቢ ቢጠየቅ፣ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ነው ብሎ መለሰ። አራት ነገር፣ አለቀ። ምስኪን ጋዜጣ! ስልኩን ረሳው።

ዛሬ ያለ ስልክ የተሠራ ኮክቴል እንደተሠራ አይቆጠርም። ባርማኑ የድርሻውን ያደርጋል። ረጅሙን ማንኪያ ከመቀላቀያው ብርጭቆ ጠርዝ ጋር አስጠግቶ፣ በረዶው እርስ በርሱ እንዳይንጓጓ፣ ትከሻው ሳይንቀሳቀስ በጣቶቹ ብቻ ያዞራል። የሚያቆመው በሰዓት ሳይሆን በመዳፉ ነው፤ የብርጭቆው ቅዝቃዜ ይነግረዋል። አጥልሎ አስቀድሞ ወደቀዘቀዘው ብርጭቆ ይገለብጠዋል። የብርቱካን ልጣጭ ከላዩ ላይ ጠምዘዝ ያደርግና በዐይን የማይታይ ዘይቱን ይረጭበታል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ይገፋዋል። መጠጡ ከዚህች ደቂቃ የተሻለች ደቂቃ አይኖረውም።

ያን ጊዜ ነው ስልኩ የሚወጣው። መብራቱ ደብዘዝ ስላለ ሻማው ይቀርባል። ሻማው ስለበዛ ይርቃል። የጓደኛው እጅ ፎቶግራፉ ውስጥ ስለገባ ጓደኛው እጁን እንዲሰበስብ ይታዘዛል፤ ከዚያ «እጅህ ቢኖርበት ይሻላል መሰለኝ» ተብሎ እጁ ይመለሳል። ከብርጭቆው ጋር በመስታወት ክዳን ታፍኖ የመጣው ጭስ ሳይቀረጽ ስላመለጠ ባርማኑ ተጠርቶ ሌላ ጭስ ይለመናል። ጭሱ ሲመጣ ስልኩ ሞልቶ የቆዩ ቪዲዮዎች ይሰረዛሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ዝም ብሎ የሚሠራ አለ፤ እርሱም በረዶው ነው። የኮክቴል አዋቂዎች እንደሚሉት በደንብ ከተቀላቀለ ኮክቴል ሩብ ያህሉ ከበረዶው የቀለጠ ውሃ ነው፤ ያለ እርሱ መጠጡ ጉሮሮ ይቆርጣል። ፎቶግራፍ አንሺያችን ይህን ሩብ ወደ ግማሽ ያሳድገዋል። አልኮልን በዚህ መጠን ማቅጠን የቻለ ሐኪም እስካሁን አልተገኘም። በመጨረሻ ይቀምሰውና «ትንሽ ቀጠነብኝ» ብሎ ባርማኑን በትዝብት ያየዋል።

የተደበቁ መጠጥ ቤቶችንም ሳናወድስ ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር ሰዎች በጓሮ በርና በይለፍ ቃል እየገቡ ይጠጡ ነበር፤ ፖሊስ ይመጣል ብለው። የሚጠጡትም ብዙውን ጊዜ እንደነገሩ የተሠራ አልኮል ስለነበር መጥፎነቱን በጭማቂና በስኳር ይሸፍኑት ነበር። ዛሬ መጠጥ በተፈቀደበት ከተማ፣ ፈቃድ ያለው ቤት፣ ግብር እየከፈለ፣ በመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ይደበቃል። አድራሻው ካርታ ላይ አለ። የይለፍ ቃሉ ገጹ ላይ ተለጥፏል። በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ከማን እንደተደበቀ የሚያውቅ የለም፤ ሰልፈኞቹ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነጋገሩት። ቤተ መጻሕፍቱ የሸተተው ሊቅ ምናልባት እዚህ ገብቶ ይሆናል።

ስለ ጤና የሚጨነቁትንም እግዜር ያክብርልን። ጂን በቶኒክ ባዘዙ ቁጥር «ይሄ እኮ መድኃኒት ነው፣ ለወባ የታዘዘ» ይላሉ። እውነት ነው፤ የቶኒክ ምሬት ኩዊኒን ነው፣ እንግሊዞችም በሕንድ በነበሩበት ጊዜ መራራውን መድኃኒት በጂን አጅበው ውጠውታል። ሒሳቡን ግን ካነሣን አይቀር እንጨርሰው። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ሊትር ቶኒክ ውስጥ ከ83 ሚሊግራም ገደማ በላይ ኩዊኒን አይፈቀድም። ለወባ ሕክምና የሚሰጠው ደግሞ በቀን 2 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ታማሚው በቀን ከ20 ሊትር በላይ ቶኒክ፣ እርሱም ለቀናት፣ ከነጂኑ መጠጣት ይኖርበታል። ወባው ይሙት አይሙት ባናውቅም፣ በሽተኛው መታመሙን እንደሚረሳ ጥርጥር የለውም። መራራው ቅመም አንጎስቱራም መድኃኒት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1824 በቬንዙዌላ አንድ የጦር ሐኪም ለሆድ ሕመም ብሎ የቀመመው ነው። ዛሬ ሁለት ጠብታ የገባበት ሁሉ ራሱን የታከመ ያህል ቆጥሮ ሁለተኛውን ያዛል።

ባርማንን ማስተማር ደግሞ ሌላው የጽድቅ ሥራ ነው። ኔግሮኒ የተባለው ኮክቴል ሲታዘዝ እ.ኤ.አ. በ1919 ፍሎረንስ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ ባላባት አሜሪካኖ በተባለው ኮክቴል ውስጥ በሶዳው ፋንታ ጂን ይግባልኝ ማለቱ ይተረካል፤ ታሪኩ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የመጠጥ ታሪክ ጸሐፊዎች አሁንም ይነታረኩበታል፣ ተራኪው ግን እዚያው ቆሞ ያየ ይመስላል። ማርቲኒ ሲመጣ «መናጥ ነው ወይስ ማማሰል?» የሚለው ጉባኤ ይከፈታል። ጭማቂ ያለበት ይናጣል፣ አልኮል ብቻ የሆነው ይማሰላል፤ ቢናጥ አየርና የበረዶ ስብርባሪ ገብቶ ይደፈርሳል። ይህን ከቀትር ጀምሮ ቆሞ ሲንጥና ሲያማስል የዋለው ባርማን አያውቀውም ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ እርሱም ትናንት ማታ ቪዲዮ አይቶ የመጣው ደንበኛ ነው። ባርማኑ ፈገግ ብሎ ያዳምጣል። ፈገግታውም ከሒሳቡ ጋር ይታሰባል።

በዚህ ሁሉ ሥልጣኔ መካከል አሳፋሪ ሆኖ የቀረ አንድ መሃይም አለ፤ ጉበት። ምንም ብታስተምሩት አይማርም። 18 ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረውንም፣ ትናንት የወጣውንም፣ በመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ የተቀዳውንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ኤታኖል። የረጠበ ቆዳ አይሸተውም። ፍጥነቱም ያው ነው፤ በሰዓት አንድ መለኪያ ያህል፤ ቡና ቢጠጡበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት ቅንጣት አይቸኩልም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አልኮልን እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መድቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ሁለቱም ድርጅቶች ቀማሽን ከሰካራም አለመለየታቸው ያሳዝናል። «እኔ እኮ የምጠጣው ለጣዕሙ ነው» የሚለው ወዳጃችን ለእነዚህ ተቋማት ደብዳቤ ሊጽፍ ያስባል፤ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ።

ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ግን አንድ ነገር ይከሰታል። ለመጀመሪያው ብርጭቆ አንድ ገጽ የተናገረው ሰው ለሁለተኛው አንድ አረፍተ ነገር ሰጥቶታል፤ ሦስተኛውን «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ለአራተኛው የሚደርሰው ቃል «ድገመኝ» ብቻ ነው። ማሽከርከሩ ቀርቷል፤ አሁን የሚሽከረከረው ቤቱ ነው። ገብሱ በየትኛው ኮረብታ ላይ እንደበቀለ የለየ ምላስ፣ ከፊቱ ከተደረደሩት ብርጭቆዎች የቱ የእርሱ እንደሆነ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱም አያውቅም። ስለዚህ በእጁ የቀረበውን ያነሣና ይጎነጫል። ዐይኑን ይጨፍናል። የቀድሞው ጸጋ ለአንድ አፍታ ይመለስለታል።

«ንጹሕ» ይላል። «ለስላሳ። ምንም የማይጎረብጥ።» ወደ ባርማኑ ዞር ይልና «ወንድሜ፣ የዚህኛው ዕድሜ ስንት ነው?»

ባርማኑ ብርጭቆውን ያየዋል። ውስጡ የነበረው በረዶ ከቀለጠ ቆይቷል።

«የዛሬ ነው ጌታዬ» ይለዋል።