ማስተካከያ፦ በበረራ ካርታ ላይ ስለሚታተመው የከፍታ አሃዝ

በጎንደር ለአብራሪነት ትምህርት ለሚዘጋጁ ወጣቶች ቀደም ሲል በተሰራጨው ማብራሪያ ላይ፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመሮች በታጠረው አራት ማዕዘን መካከል ጎልቶ የሚታተመው አሃዝ «በደህና ለመብረር የሚያስችል ዝቅተኛ ከፍታ» ተብሎ መገለጹ ትክክል ስላልሆነ ታርሟል። አሃዙ የሚያመለክተው በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን ከፍተኛውን መሬት ወይም መሰናክል ሲሆን፣ ትልቁ ቁጥር በሺህ፣ ከጎኑ ያለው ትንሹ ደግሞ በመቶ ጫማ ይነበባል፤ ትልቅ 15 ከትንሽ 2 ጋር ሲታተም ከባሕር ወለል በላይ 15,200 ጫማ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ያለውን የደህንነት ርቀት፣ በተራራማ አካባቢ እንደ ተለመደው 2,000 ጫማ፣ የሚጨምረው አብራሪው ራሱ ነው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚያቀና ሰው ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ራስ ዳሽን ብቻውን ወደ 4,550 ሜትር፣ ማለትም 14,900 ጫማ ገደማ ይደርሳልና።

በዚያው ማብራሪያ የ121.5 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ መስመር (ፍሪኩዌንሲ) «የአብራሪዎች መነጋገሪያ» መባሉም ይታረም፤ መስመሩ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለየ ነው። የጎንደሩን አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ጨምሮ የማንኛውም አውሮፕላን ማረፊያ ፍሪኩዌንሲ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከአሮጌ ካርታ ሳይሆን በ28 ቀን ዑደት ከሚታደሰው የበረራ መረጃ ላይ መወሰድ አለበት።